ኮፐርኒከስ አልተቃጠለም፦ «አውሮፓ ሃይማኖትን ስትጥል ነቃች» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አንተ ታሪክ ትወዳለህ፤ ይሄ እውነት ነው?» የሚል ጥያቄም አያይዛለች። የጽሑፉ ርእስ «አውሮፓ ሃይማኖትን ስትጥል ነቃች» ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ይሄኛውን ማለፍ አልቻልኩም። እህቴ ገና ተማሪ ናት፤ የጠየቀችኝም ከልቧ ነው።

ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይሄ ነው። አውሮፓ ሺህ ዓመት በጨለማ ውስጥ ኖረች፤ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብላ ታምን ነበር። ከዚያ ማርቲን ሉተር መጣና አእምሮን ነፃ አወጣ። የማተሚያ መሣሪያ የቤተ ክርስቲያንን ጉልበት ሰበረ። ሠዓሊዎች ከመላእክትና ከቅዱሳን ሥዕል ተላቀቁ። ኮፐርኒከስ «ምድር ትዞራለች» በማለቱ ተቃጠለ። ጋሊልዮ ዓይኑ እስኪጠፋ ተገረፈ። በመጨረሻ ሳይንስ አሸነፈ። ስለዚህ እኛም አንዱን እንምረጥ፤ ወይ እምነት፣ ወይ እድገት።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ቅን ሐሳብ እንዳላቸው ግን አጻጻፋቸው ይናገራል። ሀገራቸው እንድታድግ ይፈልጋሉ። እኔም እፈልጋለሁ። ችግሩ ምክራቸው የቆመበት ታሪክ እንደዚያ አለመሆኑ ነው። ነጥብ በነጥብ ልሂድ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሺህ ዓመት ጨለማ» የሚለው ቶሎ ያልቃል። የቦሎኛ፣ የፓሪስና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች የተመሠረቱት በዚሁ ጨለማ በተባለው ዘመን ነው። በፓሪስና በኦክስፎርድ መምህሩም ተማሪውም በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የሳክሮቦስኮ የሥነ ፈለክ መማሪያ ምድር ክብ መሆኗን ከነማስረጃው ያስተምራል። የሕክምና ተማሪው የሙስሊሙን ሐኪም የኢብን ሲናን መጽሐፍ በላቲን ትርጉም ያነብ ነበር። ረሃብም ወረርሽኝም ጦርነትም ነበር። ሰው ግን ማሰብ አላቆመም።

«ሉተር አእምሮን ነፃ አወጣ» የሚለው ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።

ሉተር በኦክቶበር 1517 በቪተንበርግ ከተማ 95ቱን ነጥቦች ሲያወጣ ክርክሩ ስለ ሳይንስ አልነበረም። ስለ ነፍስና ስለ ገንዘብ ነበር። አልብሬክት የሚባል የጀርመን መሳፍንት ልጅ የማይንዝን ሊቀ ጵጵስና ለማግኘት ከፉገር ባንክ ብዙ ገንዘብ ተበደረ። ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድም ተገኘለት። የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ወረቀት ይሸጣል፤ ከሚገኘው ግማሹ ለዕዳው፣ ግማሹ ሮም ውስጥ ለሚሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ይሆናል። ቴትዘል የሚባል ሰባኪ ከከተማ ከተማ እየዞረ ወረቀቱን አቀረበ። ድሃውም ለሞተች እናቱ ነፍስ ብሎ ከጉሮሮው ነጥቆ ገዛ። የሉተርን ደም ያፈላው ይሄ ነው።

ሉተር የፈለገው ሰው ከጳጳስ ቃል ይልቅ ለመጽሐፍ ቅዱስ ቃል እንዲገዛ ነው። ሰው በራሱ አእምሮ እንዲመራ አላለም። እንዲያውም በ1546፣ ሊሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በእምነት ነገር ውስጥ እየገባ የሚያሳስተውን አእምሮ «የሰይጣን ጋለሞታ» ብሎ ሰብኮበታል። በ1539 ደግሞ ማዕድ ላይ ተቀምጦ አንድ አዲስ ኮከብ ቆጣሪ «ምድር ትዞራለች» እንዳለ ሲነሣ፣ ኢያሱ ቁሚ ያላት ፀሐይን እንጂ ምድርን አይደለም ብሎ መለሰ።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። በዚያው በ1539 ሬቲኩስ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት የሂሳብ መምህር ከዚያው ከቪተንበርግ፣ ከሉተር ዩኒቨርሲቲ ተነሣ። ረጅም መንገድ ተጉዞ ባልቲክ ባሕር ዳር ያለችው ፍሮምቦርክ ደረሰ። እዚያ ያገኘው አንድ ሽማግሌ የካቶሊክ ካቴድራል አገልጋይ ነው፤ ኮፐርኒከስን። ሁለቱ በሃይማኖት ባላንጣ ከሆኑ ወገኖች የመጡ ናቸው። ሬቲኩስ ግን ሁለት ዓመት ያህል አብሮት ቆየ፤ መጽሐፉን እንዲያሳትምም ጎተጎተው። ከዚያ በፊት በ1536 ሾንበርግ የሚባል ካርዲናል ሥራህን ለሊቃውንት አድርስ ብሎ ለኮፐርኒከስ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። መጽሐፉ በመጨረሻ በ1543 ኑረምበርግ ታተመ። ኑረምበርግ የሉተራውያን ከተማ ናት። መታሰቢያነቱ ግን ለሮማው ጳጳስ ለጳውሎስ 3ኛ ነው። ኅትመቱን የተቆጣጠረው ኦሲያንደር የተባለ የሉተራውያን ሰባኪ ደግሞ ስሙን ሳይጠቅስ መግቢያ ጨመረበት፤ «ይሄ ለስሌት የሚረዳ ግምት ነው እንጂ እውነት ነው አይልም» የሚል።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ብርሃኑ የየትኛው ወገን፣ ጨለማው የየትኛው ነው? እኔ መለየት አልቻልኩም።

ኮፐርኒከስም አልተቃጠለም። በዚያው በ1543፣ በ70 ዓመቱ፣ በአልጋው ላይ ሞተ። መጽሐፉን ለዓመታት ያቆየውም እሳት ፈርቶ አይደለም፤ ሰው ይስቅብኛል ብሎ መስጋቱን ለጳጳሱ በጻፈው መታሰቢያ ላይ ራሱ ተናግሯል። ጸሐፊው ምናልባት ከጣሊያናዊው ፈላስፋ ከጆርዳኖ ብሩኖ ጋር አምታተውት ይሆናል። ብሩኖ በእርግጥ በፌብሩዋሪ 1600 ሮም ውስጥ ከነሕይወቱ ተቃጥሏል። ይሄ ግፍ ነው፤ ማንም ሊያስተባብለው አይገባም። ክሱ ግን በዋናነት ስለ ሥላሴ፣ ስለ ክርስቶስ ሰው መሆንና ስለ ቁርባን ነበር። ብዙ ዓለማት አሉ ማለቱም ከክሶቹ አንዱ ነው።

እሳቱ ደግሞ የሮም ብቻ አልነበረም። ሚካኤል ሰርቬተስ የተባለው ስፔናዊ ሐኪም ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ የጻፈ ሰው ነው። የጻፈውም በሥነ መለኮት መጽሐፉ ውስጥ ነው። በ1553 ሥላሴን ክደሃል ተብሎ ጄኔቫ ላይ ተቃጠለ። ጄኔቫ የፕሮቴስታንቱ መሪ የካልቪን ከተማ ናት። ሉተር የጀመረው የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ በቀጥታ ነፃነት አመጣ ቢባል ሰርቬተስን የት እናስቀምጠዋለን?

ለሉተር ፍትሐዊ ልሁን። አዲስ ኪዳንን በ1522፣ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስን በ1534 ሕዝቡ በሚናገረው ጀርመንኛ አወጣ። በ1524 ለከተሞች ምክር ቤት ትምህርት ቤት ክፈቱ፣ ለሴት ልጆችም ጭምር ብሎ ጻፈ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ የተነሣ ብዙ ሰው ማንበብ ቻለ። ማንበብ የቻለ ሰው ደግሞ መጠየቁ አይቀርም። ለውጡ በዚህ በኩል ዞሮ እንደመጣ ቢጽፉ ኖሮ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም ነበር። በነገራችን ላይ መጽሐፍ ቅዱሱ በወጣበት በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሥርዓተ ቅዳሴና ስለ እምነት ተወያይቷል። የሁለቱም ወገን ጥያቄ ያኔ ይሄ ነበር፤ እውነተኛው የጥንት እምነት የቱ ነው የሚል።

ወደ ማተሚያው ልምጣ። ጉተንበርግ ማይንዝ ውስጥ በ1450ዎቹ ታላቁን መጽሐፍ ቅዱስ አተመ። በዚያው ጊዜ እዚያው ማይንዝ ከማተሚያ የወጣው ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሉተር በኋላ የታገለው ያ የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ወረቀት ነው። ስም የሚሞላበት ባዶ ቦታ ተትቶለት፣ በገፍ ታተመ። ማተሚያ ጌታ የለውም። ሉተርንም፣ የሉተርን ተቃዋሚዎችም፣ ጠንቋይ እንዴት እንደሚታደን የሚያስተምሩ መጻሕፍትንም እኩል አባዝቷል።

ለእኛ ቅርብ የሆነም ማስረጃ አለ። የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ በማተሚያ የወጣው በ1513 ነው፤ ከሉተር 95 ነጥቦች አራት ዓመት ቀድሞ። መዝሙረ ዳዊት ነበር። የታተመው የት ነው? በጳጳሱ ከተማ፣ ሮም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ በሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ዘንድ ሲቀደስ ሰምቶ ነው ግዕዝ የተማረው። ከዚያ በ1548 የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ እዚያው ሮም የግዕዝ አዲስ ኪዳንን ለማተሚያ አበቃ። ማተሚያ የቤተ ክርስቲያን ጠላት ነበር ከተባለ እነዚህ አባቶች ማተሚያ ቤት ምን ይሠሩ ነበር?

አሁን ወደ ሥዕሉ። እዚህ ጋ ጸሐፊው ነገሩን ገልብጠው ነው የያዙት።

ዛሬ የሬኔሳንስ ድንቅ ብለን የምናወሳውን ሥራ ማን አዘዘው? ማን ከፈለበት? የማዛቾ «ሥላሴ»፣ በጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ ጥልቀትን በሂሳብ ልክ ካሳዩ የመጀመሪያ ሥዕሎች አንዱ፣ ፍሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያለው። የሊዮናርዶ «የመጨረሻው እራት» ሚላን ውስጥ በመነኮሳት የመመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው። ሚኬላንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 የሲስቲን ጸሎት ቤትን ጣሪያ የሣለው በጳጳስ ዩልዮስ 2ኛ ትእዛዝ ነው። ወጣት ሳለ የሰውን አካል ለማጥናት ሬሳ የከፈተውም ፍሎረንስ ባለው በሳንቶ ስፒሪቶ ገዳም ነው፤ የገዳሙ አለቃ ፈቅዶለት። ለምስጋና ብሎም የእንጨት ስቅለት ቀርጾ ሰጠው።

ሥዕልን የሰበረው ማነው ከተባለ ደግሞ መልሱ ተሐድሶው ራሱ ነው። ዙሪክ ውስጥ በ1524 ምክር ቤቱ ወስኖ ሥዕልና ምስል ሁሉ ከአብያተ ክርስቲያናት ወጣ፤ ግድግዳው በኖራ ተቀባ። በ1566 በኔዘርላንድስ ምድር ሕዝብ ተነሥቶ የአንትወርፕን ካቴድራል ጨምሮ ብዙ ቦታ ሥዕል ቀደደ፣ ሐውልት ሰበረ። ሠዓሊው ሆልባይን በ1526 ባዝልን ትቶ ወደ እንግሊዝ ሲሄድ፣ ታዋቂው ሊቅ ኢራስመስ በጻፈለት የድጋፍ ደብዳቤ ላይ «እዚህ ጥበባት በረዷቸዋል» ብሏል። ሥራ ጠፍቶ ነበር።

ከዚህ ውድመት መሐል አዲስ ነገር መብቀሉንም አልክድም። የሆላንድ ሠዓሊዎች የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲቀርባቸው ለነጋዴው ሳሎን መሣል ጀመሩ። መስኮት አጠገብ ወተት የምትቀዳ ሴት፣ የክረምት መንደር፣ የዓሣ ሳህን። እኔ እነዚህን ሥዕሎች እወዳቸዋለሁ። የመጡት ግን ሠዓሊው ከእምነት ስለተላቀቀ አይደለም። ገዢው ስለተቀየረ ነው።

እህቴ አንድ ነገር ብቻ እንድታስታውስ ብፈልግ ይሄን ቀጣዩን ነው። ጋሊልዮ በ1609 መጨረሻ ቴሌስኮፑን ወደ ጨረቃ አዞረ። ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ሃሪዮት በቴሌስኮፕ አይቷት ነበር። የሃሪዮት የመጀመሪያ ንድፍ ላይ ግን የሚታየው የተንጋደደ መስመርና ጭረት ነው። ጋሊልዮ ያየው ተራራና ጉድጓድ ነው። ለምን? ጋሊልዮ የፍሎረንስ ቤተሰብ ልጅ ነው። መሣል ያውቃል። ብርሃን በአንድ በኩል ሲያርፍ እብጠት ምን ዓይነት ጥላ እንደሚጥል እጁ ያውቀዋል። ስለዚህ ያ ጥቁር ነጠብጣብ ጥላ መሆኑ ገባው። በ1610 ቬኒስ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ላይ ያቺን የቆሳሰለች ጨረቃ ሥሎ አወጣ።

ቺጎሊ የሚባል ሠዓሊ ወዳጅ ነበረው። በዚያው ጊዜ ቺጎሊ ሮም ውስጥ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ፣ ጳጳስ ጳውሎስ 5ኛ ባሠራው ጸሎት ቤት ጉልላት ላይ እመቤታችንን እየሣለ ነበር። በራእይ ዮሐንስ እንደተጻፈው ጨረቃ ከእግሯ በታች ናት። ሠዓሊዎች ይቺን ጨረቃ ንጹሕና ለስላሳ አድርገው መሣል ለምደዋል። ቺጎሊ ግን የወዳጁን ጨረቃ ሣላት፤ ከነጉድጓዷ፣ ከነጥላዋ። ሥዕሉ በ1612 አለቀ። ዛሬም እዚያው ጉልላት ላይ አለ። ሃይማኖት፣ ሥዕልና ሳይንስ በአንድ ግድግዳ ላይ፣ በአንድ ብሩሽ።

ታዲያ ጋሊልዮ ላይ የደረሰው በደል ውሸት ነው? አይደለም። ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ በደሉ እውነት ነው። በ1616፣ በዚያው በጳውሎስ 5ኛ ዘመን፣ የኮፐርኒከስ መጽሐፍ እስኪታረም ድረስ ታገደ። ከታተመ 73 ዓመት አልፎታል። በ1633 ጋሊልዮ ወደ 70 ዓመት እየተጠጋ ሮም ችሎት ፊት ተንበርክኮ ሐሳቡን እንዲክድ ተገደደ። መጽሐፉ ታገደ። በ1642 እስኪሞት ድረስ የቁም እስረኛ ነበር። ሽማግሌ ሰውን ያየኸውን አላየሁም በል ብሎ ማንበርከክ ትልቅ ኀጢአት ነው። ቤተ ክርስቲያኗም በ1992 በጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አንደበት ስሕተቱን አምናለች።

አልተገረፈም ግን። እናሠቃይሃለን ተብሎ ተዝቶበታል፤ አልተፈጸመበትም። ዓይኑ የጠፋው በኋላ፣ ፍሎረንስ አጠገብ አርቼትሪ ቤቱ ሳለ በሕመም ነው። ታሪኩም «ሳይንስ በአንድ ወገን፣ ቄስ በሌላ ወገን» ዓይነት አይደለም። በ1611 የጋሊልዮን ግኝቶች ትክክል ናቸው ብለው ያረጋገጡት የሮም ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ካህናት ማኅበር) የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ናቸው። የፈረደበት ጳጳስ ኡርባን 8ኛ ቀድሞ ወዳጁ ነበር፤ ግጥም ሁሉ ጽፎለታል። የጋሊልዮ ሙግትም ክፍተት ነበረበት። ምድር ለመዞሯ ዋና ማስረጃዬ ያለው የባሕር ማዕበል ወደ ዳር መምጣትና መመለስ ነው፤ ይሄ ስሕተት ነበር። ምድር ብትዞር ከዋክብት ቦታቸው ሲለወጥ ማየት ነበረብን የሚለው የዘመኑ ተቃውሞ ደግሞ የሚረባ ጥያቄ ነው። ያ ለውጥ በመሣሪያ የተለካው በ1838 ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሳይንስን ከልክላ ነበር የሚለውን የማይደግፍ ሌላም አለ። በ1582 ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ፋሲካ ወቅቱን እየሳተ ነው ብለው የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን ሰብስበው የቀን መቁጠሪያውን አስተካከሉ። ኦክቶበር 4 ያደረ ሰው በማግስቱ ኦክቶበር 15 ነቃ። ልኩ ትክክል ነበር። እምቢ ያሉት ፕሮቴስታንት አገሮች ናቸው፤ ከጳጳሱ መጣ ብለው። እንግሊዝ እስከ 1752 ቆየች። የእኛ የገና በዓል ከእነሱ 13 ቀን የሚዘገይበት ምክንያትም ከዚሁ ይመጣል። እነሱ ዘለሉ፤ እኛ በነበርንበት ቀረን።

የመጨረሻው ነጥብ ቀረ። «ወይ እምነት፣ ወይ እድገት» የሚለው። ለዚህ አንድ ሰው ብቻ እጠራለሁ፤ ዮሐንስ ኬፕለርን።

ኬፕለር ቄስ ለመሆን ቱቢንገን ሥነ መለኮት ያጠና ሉተራዊ ነው። ግራትስ ከተማ ሂሳብ ሲያስተምር በ1600 ካቶሊክ ካልሆንክ ውጣ ተብሎ ተባረረ። ፕራግ ሄደ። እዚያ ካቶሊኩ ንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ 2ኛ የቤተ መንግሥት የሂሳብ ሊቅ አድርጎ ሾመው። በ1609 ፕላኔቶች የሚዞሩት በክብ ሳይሆን በሞላላ መንገድ መሆኑን አሳተመ። ከዚያ ሊንትስ ሲሄድ የራሱ የሉተራውያን ቄስ ሁሉንም የእምነት አንቀጽ ካልፈረምክ ብሎ ከቁርባን ከለከለው። አንዱ አባረረው፣ ሌላው ደጅ ዘጋበት። እሱ ግን እምነቱንም ሥራውንም አልተወም። በ1618 ስለ ፕላኔቶች እንቅስቃሴ ሦስተኛውን ሕጉን አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ባወጣው መጽሐፍም ፈጣሪውን አመሰገነ። ያ 1618 የ30 ዓመቱ የሃይማኖት ጦርነት የጀመረበት ዓመት ነው።

ይሄን ሕግ ሲያገኝ እናቱ ካታሪና በጥንቆላ ተከሳ ነበር። የጠንቋይ አደን የጨለማው ዘመን ነገር ይመስለናል። ከፍ ያለው ግን በዚሁ ነቃ በተባለው ዘመን፣ በ1500ዎቹና በ1600ዎቹ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች የተገደሉትን ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ ይገምታሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በካቶሊኩም በፕሮቴስታንቱም አገር። ጸሐፊው ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፉም፤ እኔን በጣም ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

ካታሪና ከ70 ዓመት በላይ ሆኗት በሰንሰለት ታሰረች። ኬፕለር ሥራውን አቁሞ ሄደ። የክሱን ቃል አንድ በአንድ እየጠቀሰ፣ ምስክሮቹ የት ጋ እንደሚጣረሱ እያሳየ፣ ሕመም የተባለው በተፈጥሮ ምክንያት ሊመጣ እንደሚችል እያስረዳ መከላከያ ጻፈላት። ፕላኔቶችን በመረመረበት ትጋት ለእናቱ ተሟገተ። በ1621 የማሠቃያ መሣሪያዎቹን ፊቷ አድርገው አሳዩዋት። የምናዘዘው የለኝም አለች። ከ14 ወር እስር በኋላ ለቀቋት። በስድስት ወሯ ሞተች።